የልብ ምት ብቻውን አይመሰክርም

ፈረስ ሲሠለጥን የልብ ምት መቁጠሪያ የሚያስሩ ሰዎች ቁጥሩ ሲያሻቅብ «ተጨነቀ»፣ ሲወርድ «ተረጋጋ» ይላሉ። እኔ ይህን ንባብ አላምነውም። ያረፈ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ ሲጋልብ ከ200 ያልፋል፤ ይህን ፍርሃት የሚለው የለም። እንስሳው ገና ሊነሣ ሲሰናዳ እንኳ አንጎሉ ልብን የሚገታውን የቬገስ ነርቭ ልጓም ቀድሞ ያላላል። ፍርሃትም ቢሆን ልብን ሁልጊዜ አያፈጥንም። ጥንቸል ድምፅ ሰምታ ወዲያው በኤሌክትሪክ ብትነዘር፣ ነገሩ ሲደጋገም ድምፁ ብቻውን የልቧን ምት ይቀንሰዋል። አይጥ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፦ ታስራ ከተፈተነች ምቷ ሊቀንስ፣ እንደ ልቧ እየተንቀሳቀሰች ከሆነ ሊጨምር ይችላል። ትምህርቱ ያው፣ ቁጥሩ ግን ተቃራኒ።

«እንግዲያው እንቅስቃሴን አስወግዶ ልብን ለብቻው መለካት ነዋ!» የሚል ይኖራል። ተሞክሯል። በ1960ዎቹ ኒል ሚለርና ሊዮ ዲካራ አይጦችን ጡንቻ በሚያሽመደምደው ኩራሬ ሽባ አድርገው፣ በማሽን እያስተነፈሱ፣ አንጎልን በሚያስደስት የኤሌክትሪክ ንዝረት እየሸለሙ፣ ምታቸውን መጨመርና መቀነስ እንዳስተማሯቸው ዘገቡ። ዓለም ጉድ አለ። ኋላ ግን ውጤቱ እምቢ አለ፤ በ1986 ሚለር ራሱ ከባሪ ድዎርኪን ጋር ሆኖ ሊደግመው እንዳልቻለ አሳተመ። ለነገሩ ነቅቶ ሳለ ጣቱን ማንቀሳቀስ የተሳነው፣ ትንፋሹም በማሽን የሆነ እንስሳ ከጭንቀት ነፃ ነው ማለትም ይከብዳል።

ታዲያ መቁጠሪያው ይጣል? አይጣል። እንቅስቃሴ መዝጋቢ አብሮ ይታሰርና አንዱ ሶምሶማ ከሌላው ሶምሶማ ጋር ይነጻጸር፤ እንቅስቃሴው የማያስረዳው ትርፍ ምት ሲኖር ያኔ ይጠየቃል። ትርፉም ቢሆን ስጋት ይሁን የመኖ ጉጉት በራሱ አይናገርም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ በ2023 ከስታንፎርድ የመጣው ነው። የካርል ዳይሰሮት ቡድን የአይጦችን ልብ በብርሃን እየነዳ በደቂቃ እስከ 900 ምት አደረሰው፤ ልብ ራሱ ፍርሃትን ሊጨምር እንደሚችል ታየ። ይህን እቀበላለሁ። ሆኖም ፍርሃቱ የታየው አደጋ ሊኖር በሚችልበት ቦታ ብቻ ነው፤ ኢንሱላ የተባለውን የአንጎል ክፍል ሲገቱት ደግሞ ልቡ እየተነዳም ፍርሃቱ ቀለል አለ።