ጉዳዩ፦ ራስን ስለማስተዋወቅ

በአዲስ አበባው ኮልፌ ቀራኒዮ ከአየር ጤና እስከ ዓለም ባንክ ድረስ መንገድ ዳር የተደረደሩት የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ያልጻፉት የደብዳቤ ዓይነት የለም። የኪራይ ውል፣ የሥራ ልምድ ጥያቄ፣ የዕድር ጥሪ፣ የወረዳ አቤቱታ። ጸሐፊዋ «ጉዳዩ» የሚለውን ማንም ሳይነግራት ታሰምርበታለች። «ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው» ብላ ትጀምራለች፤ «በትሕትና አመለክታለሁ» ብላ ትዘጋለች። እጇን የሚይዛት አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ወጣቶች ለማስተርስ ወደ ውጭ የሚልኩት ሞቲቬሽን ሌተር።

ባለጉዳዩም ቢሆን ከየት ይማረው? አገር ውስጥ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚመዘገብ ሰው የሚጨነቀው ለትራንስክሪፕቱ፣ ለመግቢያ ፈተናው፣ መሥሪያ ቤት ካለው ደግሞ ለስፖንሰር ደብዳቤው ነው። «አንተ ማነህ? ለምንስ ይህን ትማራለህ?» ብሎ የሚጠይቀው እምብዛም የለም። የብሪታንያው የቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ ግን አራት ድርሰት ይጠይቃል፤ ስለ አመራር፣ ስለ ትውውቅ፣ ስለ ትምህርቱ ምርጫና ስለ ወደፊት ሥራ። የአሜሪካው ፉልብራይት የግል ታሪክንና የጥናት ዓላማን ለየብቻ ያስጽፋል።

ስለዚህ ልጁ የሚያውቀውን ይጽፋል፤ ማመልከቻ። ማመልከቻ ደግሞ ዝቅ ብለው የሚቆሙበት ጽሑፍ ነው። ችግር ይዘረዘራል፣ ደግነት ይለመናል፣ ውሳኔው ለባለሥልጣኑ ይተዋል። በእንግሊዝኛ ሲገለበጥ «ታታሪ ነኝ፣ ዕድሉ ቢሰጠኝ አላሳፍራችሁም» ይሆናል። የስኮላርሺፑ መርማሪ እንዲህ ያለውን ስንት ጊዜ አንብቦ ይሆን! ዛሬ ቻት ጂፒቲ ቋንቋውን አሳምሮለታል፤ ባዶነቱን ግን አልሞላለትም።

አማርኛ ራስን ማውሳት አያውቅም የሚሉ አሉ። ፉከራን ረስተው ነው። ፎካሪ የአባቱን ስም፣ የዋለበትን ሜዳ፣ የጣለውን ባላጋራ እየጠራ ነው የሚያቅራራው። ያልዋለበትን ጦርነት ቢጠራ እዚያው የነበረ ሰው ያሳፍረዋል። ጥሩ ሞቲቬሽን ሌተር ከአቤቱታ ይልቅ የሚቀርበው ለፉከራ ነው፤ ድምፁ ዝግ ይበል እንጂ የዋለበትን ሜዳ ይጠራል።

ኮልፌ ቀራኒዮ ደግሞ ሜዳ አላጣም። የረጲ ልጅ ለአካባቢ ምሕንድስና ሲያመለክት «የአየር ንብረት ለውጥ ዓለም አቀፍ ችግር ነው» ብሎ ከጀመረ የሰፈሩን ሀብት ጥሎ የሰው ዓረፍተ ነገር ተበድሯል። ከቤቱ ጀርባ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማዋ ቆሻሻ የተከመረበት ቆሼ አለ፤ እዚያው እ.ኤ.አ. በ2018 የተመረቀው ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ አለ። ጭሱ መቼ እንደሚብስ፣ ከክምሩ ምን እንደሚለቀም፣ ለቀማው ስንት ቤት እንደሚያሳድር እሱ ያውቃል። ይህን የሚነግር ሌላ አመልካች ከየት ይመጣል?

እርግጥ እዚህ ላይ አንድ የሚያስፈራ ነገር አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የጎረቤትን ሐዘን የስኮላርሺፕ መግቢያ ማድረግ ደግ አይደለም። ልዩነቱ ያለው ሰውየው ከዚያ ወዲህ በሠራው ላይ ነው፤ ምንም ካልሠራ የሞቱትን ባያነሳቸው ይሻላል።

ወደ ዘነበወርቅ ሲወርዱ ደግሞ አለርት አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ሆስፒታል ነው። በቅጥሩ ውስጥ ያለው የምርምር ተቋም አርማወር ሐንሰን የተባለው የበሽታውን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 ባገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ስም ነው። በዚያ አጥር ሥር ተመላልሶ ያደገ ልጅ ለኅብረተሰብ ጤና ሲያመለክት፣ ከመድኃኒቱ በኋላም ሰዉ በሽተኛውን ምን ብሎ እንደሚጠራው የሰማውን ቢጽፍ አንድ ገጽ አይበቃውም።

ትልቅ ሥራም ከእንዲህ ያለ የቅርብ እይታ ይነሣል። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያዩት ነገር ቀላል ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ፤ ከእነሱ በታች ባለው ውኃ ላይ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ይንሳፈፋሉ። ቢልሃርዝያ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ ነውና ከዚያ እይታ የዕድሜ ልክ ምርምር ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ። ሞቲቬሽን ሌተር የሚፈልገው ያችን የወንዝ ዳር ሰዓት ነው።

ይህ ሁሉ ተጽፎ አልቆ እንኳ ሰዓት የሚጥለው አለ። ማስታወቂያው ማብቂያው 12፡00 በጂ ኤም ቲ ነው ካለ፣ አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት መስሎት ፋይሉን በፍላሽ ይዞ ከአየር ጤና ታክሲ የሚጠብቅ ልጅ 12 ሰዓት ላይ ቢደርስ ሦስት ሰዓት ዘግይቷል።