የሰበታ ገበያ የሚያውቀው የምግብ መጽሐፍ

ሰበታ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ብዙ ሰው የሚያውቃት በሜታ ቢራ፣ በመርሃ ዕውራን ትምህርት ቤቷና ወደ ጅቡቲ በሚሄደው የባቡር ሐዲድ ነው። እኔ ከነርስነት ሥራዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ይበልጥ የማውቃት በገበያዋ ነው። የአካባቢው ገበሬ ጤፍ፣ ጎመን፣ ቅቤና አይብ ያቀርባል፤ ከወሊሶና ከቡታጅራ በኩል ደግሞ ቆጮ ይመጣል። ጨጨብሳ የምታሳምረው የኦሮሞ እናትና ክትፎ አዋቂዋ የጉራጌ እናት በአንድ አጥር ይጎራበታሉ።

ሰሞኑን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነችው የልጅ ልጄ፣ «እማማ፣ የምግብ መጽሐፍ ይግዙልኝ» አለችኝ። እናቷ ፋብሪካ ውላ ሲመሽ ስለምትገባ የቤቱን ድስት የምንጥደው እኔና እሷ ነን። ከአንድ መሶብ ዙሪያ የአንድ ዓመት ከስድስት ወር ሕፃንና ደም ግፊት ያለባቸው ባለቤቴ ይቀመጣሉ። እንዲህ ባለ ቤት የምግብ መጽሐፍ መምረጥ የጤና ጉዳይም ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በዓለም ገና አድርገን አየር ጤና ደረስን፤ ታክሲ ቀይረን ሜክሲኮ ወረድንና በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉትን መጽሐፍ ሻጮች ዞርን። ልጅቷ ዓይኗ የገባው ፎቶግራፍ የበዛበት የውጭ መጽሐፍ ላይ ነበር። «እስቲ አምስት ምግብ ምረጪና ሰበታ ገበያ የማይገኘውን ቁጠሪ» አልኳት። ሦስቱን ምግቦች እኛ ጋ ለመሥራት እንደማይቻል ራሷ ደረሰችበትና መጽሐፉን መለሰችው።

ሁለተኛው መመዘኛዬ ልኬት ነው። «ጥቂት ጨው፣ በቂ ዘይት» የሚል መጽሐፍ ጀማሪን አያስተምርም። በዚህ በኩል ስለ አገራችን ምግብ በእንግሊዝኛ የተጻፉት ይጠቅማሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ የታተመው የዳንኤል መስፍን መጽሐፍና በ2018 የወጣው የሼፍ ዮሐንስ ገብረየሱስ መጽሐፍ ይጠቀሳሉ። እናቶቻችን በዓይን የሚገምቱትን በልክ ያስቀምጣሉ። የአሜሪካኖቹ «ካፕ» ግን የእኛ የሻይ ብርጭቆ አይደለም፤ ወደ 240 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ የግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ግማሹን ያህል ነው።

ሦስተኛው የከፍታ ነገር ነው። ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ባቄላውን «45 ደቂቃ ቀቅሉ» የሚል የውጭ መጽሐፍ ጥሬ ያበላናል። ሌሊቱን መዘፍዘፍ ወይም በፕሬዠር ድስት መቀቀል ይሻላል። ኬክም ቶሎ ተነፍቶ መሀሉ ስለሚሰምጥ ቤኪንግ ፓውደሩን ቀነስ ማድረግ ነው።

አራተኛው፣ መጽሐፉ የቤቱን ሰው ሁሉ ያስባል ወይ? የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲመገብ ይመክራል፤ ይህም አፉ የተስተካከለ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ጨው ገብቶበት የተፈጨ በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ሽሮም ከዚሁ ይቆጠራሉ። ወጡ ጨውና በርበሬ ሳይገባበት የሕፃኑን ድርሻ ቀንሶ ማስቀመጥ ጥሩ ነው። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም። ቡናና ሻይ ደግሞ ሰውነታችን ከምግብ ብረት እንዳይወስድ ስለሚያደርጉ፣ ከምግብ ጋር ሳይሆን ቆየት ብሎ መጠጣት ይመረጣል።

የጾም ምግብንም አይቼ ነው የምገዛው። ረቡዕና ዓርብ ከዐቢይ ጾምና ከሌሎቹ አጽዋማት ጋር ሲደመሩ የዓመቱ ግማሽ ገደማ ናቸው። የጾም ገጹ የሳሳ መጽሐፍ በጿሚ ቤት ግማሹን ዓመት ተከድኖ ይቀመጣል።

በመጨረሻ የገዛነው ሥዕል የሌለው፣ ግን ልኬቱ ግልጽ የሆነ የአማርኛ መጽሐፍ ነው። ከጎኑ ባለ 50 ገጽ ደብተር ጨመርንበት። «ሙያ በልብ ነው» እየተባልን አድገናል፤ በልብ ብቻ የቀረ ሙያ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። አሁን ልጅቷ እኔ በጭብጤ የዘገንኩትን ሽሮ ድስት ሳይገባ በማንኪያ እየለካች ትጽፋለች። የጎረቤታችንን ጨጨብሳ ጽፋ ጨርሳ ወደ ክትፎው ተሻግራለች። ባለቤቴም ጨው የሚለካበት ቤት ስላገኙ የራሳቸውን ወጥ ለብቻ መጣዱ ቀርቶልናል።

እናንተም ለልጅ ልጃችሁ የምግብ መጽሐፍ ስትገዙ አብራችሁ ሂዱ፤ መጽሐፉን በሰፈራችሁ ገበያ መዝኑት። ደብተሩንም አትርሱ፤ የእናታችሁን የዶሮ ወጥ አሠራር ማንም መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ አታገኙትም።