መተማ፦ ዓሣ የሚያድግባት፣ መንገድ የሚያጥርባት አገር

መቼም አዲስ አበቤ «ሙቀት አውቃለሁ» የሚለው ግንቦት ላይ መተማን እስኪያይ ነው። እኔም እንዲያ ስል ነበር። ጊዜው 2002 ዓ.ም. ነው፤ ዕድሜዬ ሃያ ሁለት። ከጎንደር ተነስተን በአዘዞ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ስንወርድ፣ አይከል ላይ ጃኬቴን፣ ነጋዴ ባሕር ላይ ሹራቤን አወለቅኩ። ገንዳ ውኃ ስንደርስ የቀረኝ ማውለቅ የሚያሳፍረው ብቻ ነበር!

መተማ ዮሐንስ፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው የሞቱባት የድንበር ከተማ ናት። ድልድዩን ከተሻገራችሁ ገላባት፣ ሱዳን ናችሁ። እኔ ታዲያ ለታሪክ አልነበረም የሄድኩት። ለምን እንደሄድኩ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ብቻ ሰው እየጠበቅሁ አልጋ ቤት ውስጥ ሦስት ቀን ተጠበስኩ። በአራተኛው ቀን የአልጋ ቤቱ ዘበኛ አዘነልኝና «እዚህ ከምትንጨረጨር ና ዓሣ እናጥምድ» ብሎ ወደ ጓንግ ወንዝ ወሰደኝ።

ውሸት በክንድ ሲለካ

ጓንግ በክረምት ዛፍ ነቅሎ የሚሄድ ወንዝ ነው። ሱዳን ገብቶ አትባራ ይባልና ከዓባይ ይቀላቀላል። በበጋ ግን ይቆራረጥና እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ይቀራል። ዓሣውም እዚያችው ኩሬ ውስጥ ታጉሮ ክረምትን ይጠብቃል። ሲባጎና መንጠቆ የያዘ ሁሉ ኩሬዋን ከብቦ ይቀመጣል።

ፈረንጆቹ ትራውት ለሚባለው ዓሣ ከላባ የተሠራ የውሸት ዝንብ ወንዝ ላይ ይወረውራሉ። በእኛም አገር በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ከውጭ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት አለ። ጓንግ ዳር ግን ዝንቡ የእውነት፣ ወሬው የውሸት ነው!

አንዱ የሰሊጥ ሠራተኛ ጀመረ፦ «አምና የያዝኩት አምባዛ... ጎትቼ ሳወጣው የኩሬው ውኃ በክንድ ጎደለ።»

«በማን ክንድ?» አለው ጎኑ ያለው። «በአንተ ክንድ ከሆነ እኮ ውኃው ምንም አልሆነም።»

ሳቁ ሳይበርድ ሌላው ቀጠለ፦ «የኔው ደግሞ በክረምት መንጠቆዬን ነክሶ እየጎተተ ገላባት አደረሰኝ። ወታደሩ 'ወረቀት አምጣ' ቢለኝ ዓሣውን አሳየሁት። አየት አደረገና 'አንተ እለፍ፤ እሱ ግን ቀረጥ አለበት' አለኝ።»

ይኼኔ ከወዲያ ማዶ የመጣ ጀላቢያ የለበሰ ሱዳናዊ በተሰባበረ አማርኛ፣ «ወላሂ አውቀዋለሁ! ገዳሪፍ ገበያ ድረስ መጥቶ ነበር። የሰሊጡን ዋጋ ጠይቆ ሲወደድበት ተመለሰ» አለ።

ሁሉም «አያ» የሚሏቸው አንድ ሽማግሌ ዝም ብለው ቆይተው፣ «አምባዛ ኩሬው ሲጠብበት፣ ሌሊት ሣሩ ሲረጥብ ወጥቶ በደረቱ እየተሳበ ሌላ ኩሬ ይገባል» አሉ። በሳቅ ፈረስኩ። ከእኔ በቀር ግን የሳቀ የለም። ለካ ይኼኛው እውነት ኖሯል! አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ ከአየር የሚተነፍስበት አካል አለው፤ እርጥበት ካገኘ በየብስ ይሄዳል። እውነቱ ላይ ስቄ ውሸቱን አምኜ ልቀመጥ!

የእኔው ተራ

«አንተስ ልጄ፣ ምን አመጣህ?» አሉኝ አያ።

ለካ ምስጢር የሚያወጣው ሳቅ ነው። ነገርኳቸው። ደላላ እየጠበቅኩ ነው። በአንድ ሌሊት ካርቱም፣ ከዚያ በረሃውን በመኪና እንደ ደብረ ዘይት መንገድ ሽው፣ ከዚያ ባሕሩን ተሻግሮ አውሮፓ... ሁሉ ነገር በአንድ ወር። ግማሹን ገንዘብ ከፍያለሁ፤ የእናቴ የእቁብ ብር ነበር።

የሳቀ የለም። አያ ሲባጎአቸውን እየጠቀለሉ፣ «እኛ ስንዋሽ ዓሣው ያድጋል፤ እሱ ሲዋሽ መንገዱ ያጥራል» አሉ።

«አይ አያ፣ ስንቱን ሰው አሻግሯል እኮ!» አልኩ።

«ይሁን። እኛ ቀኑን ሙሉ የምናወራው ስላመለጠን ዓሣ ነው። ደላላህ መንገድ ላይ ስለጠፋበት ሰው አንድ ቀን አውርቶህ ያውቃል?»

አላወራኝም። ጠይቄውም አላውቅ። ማታ መጣና «ዛሬ ሌሊት ነው፣ ተዘጋጅ» ሲለኝ ጠየቅሁት፦ «ያልደረሱትስ?» ፊቱ ተለወጠ፤ «አንተ ሟርተኛ!» ብሎ ጮኸብኝ። ያ ቁጣ መልስ ሆኖኝ ቀረሁ። ገንዘቡን ሊመልስልኝ? ይብላኝ ለእናቴ እቁብ! ከእኔ ጋር ክፍል የተጋራው ልጅ ግን በዚያው ሌሊት ሄደ። «ስደርስ እደውልልሃለሁ» ብሎኝ ነበር። ቁጥሬን እስከ ዛሬ አልቀየርኩም።

የ74,000 ዓመት ጨዋታ

ዘመን ተገለባበጠ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ፣ ሰው ያንኑ ድልድይ በተቃራኒው እየተሻገረ ወደ መተማ ጎረፈ።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ «ኔቸር» የተባለው የሳይንስ መጽሔት ጉድ አሰማኝ። ተመራማሪዎች መተማ አካባቢ፣ በሽንፋ ወንዝ ዳር፣ የ74,000 ዓመት ዕድሜ ያለው የሰው መኖሪያ ቆፍረው አግኝተዋል። በዚያ ዘመን ሱማትራ ላይ ቶባ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ እዚህ በጋው ጠና፤ ሰዎቹም ከቀድሞው ይልቅ ዓሣ ወደ መብላት አዘነበሉ። ኩሬ ውስጥ የታጎረ ዓሣ መያዙ ይቀላላ! ይኼን አያ ቢነግሩኝ ኖሮ አሁንም በሳቅ እፈርስ ነበር።

እንደኔ እንደኔ ግን ያኔም ኩሬው ዳር እጁን ዘርግቶ «ይኼን ያክላል!» ያለ አንድ ውሸታም አይጠፋም።

እናላችሁ ወጣቶች፣ ስላመለጠው ዓሣ የሚዋሻችሁን ስቃችሁ እለፉት፤ የሚፈልገው ሳቃችሁን ብቻ ነው። መንገድ የሚያሳጥርላችሁን ግን ብር ከመቁጠራችሁ በፊት የአያን ጥያቄ ጠይቁት። ከተቆጣ መልሱን አግኝታችኋል።

ቸር ይግጠመን!