የፊልም ሣጥን ይዞ ከከተማ ከተማ

ስትሮምነስ፣ ኦርክኒ ደሴቶች

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ ጋሼ፣

የእትዬ ጉልበት ተሻላቸው ወይ? ከስኮትላንድ ሰሜን ጫፍ በመርከብ ተሻግሬ አሁን ደሴት ላይ ነኝ። ነፋሱ ኃይለኛ ነው፤ ሰዉ ግን ደግ ነው፤ ሻይ ሳያቀርቡልኝ የሚያልፉ የሉም።

ባለፈው ስንደዋወል «ፊልም ተሸክሞ መዞር ምን ዓይነት ሥራ ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ስልኩ ተቋረጠብን። ዕድሜዎን ፒያሳ ሲኒማ ቤት ማሽን ክፍል ውስጥ ላሳለፉት ለእርስዎ እንዲህ በቀላሉ መመለስ ስላልሆነልኝ እስክጽፍ አቆየሁት።

የምሠራበት ድርጅት ከፊልም መዛግብት ኮፒ ይዋሳል፤ እኔ ሣጥኑን ይዤ በባቡር ከከተማ ከተማ እየዞርኩ በትናንሽ ሲኒማ ቤቶች አሳያለሁ። ፊልሞቹ ገበያ የማያውቃቸው ናቸው። ብዙዎቹ ታሪክ አይተርኩም፣ ተዋናይ የላቸውም፤ ካሜራ ያልነካቸውም አሉ። ሌን ላይ የሚባል የኒውዚላንድ ተወላጅ በ1935 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልዎ) «ኤ ከለር ቦክስ»ን ሲሠራ ቀለሙን የቀባው በቀጥታ ፊልሙ ላይ ነው። ያሠራው የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ነበር። ጥቂት ደቂቃ ቀለም በሙዚቃ ሲጨፍር ይቆይና በመጨረሻ የጥቅል መላኪያ ዋጋ መርከሱን ይነግርዎታል። ማስታወቂያ ሆኖ ተሠርቶ እስከ ዛሬ ሕፃናትን ከወንበር የሚያስነሣ ሌላ ሥራ አላውቅም።

እርስዎ የለመዱት 35 ሚሊ ሜትሩን ነው፤ የእኔ ሣጥን ውስጥ ያለው በአብዛኛው 16 ነው። ኮዳክ በ1923 ለቤትና ለትምህርት ቤት ብሎ ያወጣው ቀጭን ፊልም ስለሆነ ጥቅሉን አንድ ሰው አንጠልጥሎ ባቡር ይሳፈራል። በ1966 ለንደን ውስጥ የፊልም ሠሪዎች ማኅበር ያቋቋሙት ወጣቶችም በዚሁ በ16 ነበር የሚሠሩት። ፊልሙን ራሳቸው ያጥባሉ፣ ኮፒውን ራሳቸው ያባዛሉ፣ ራሳቸው ያከፋፍላሉ፣ ራሳቸው ያሳያሉ። የማንንም ፈቃድ አልጠበቁም። ዛሬ ይዤ ከምዞራቸው ብዙዎቹ የእነሱ ልጆች ናቸው።

የሥራውን ልብ ልንገርዎ። ፊልሙ ማታ የሚታይ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛ ላይ ይፈተሻል። የጥጥ ጓንት አጥልቄ ጠርዙን በሁለት ጣቴ ይዤ ቀስ እያልኩ አጠነጥነዋለሁ። ቀዳዳው የተቀደደ እንደሆነ ጓንቱን ያዝ ያደርገዋል፤ የተቀጠለበት ቦታ ሲደርስ ጎርበጥ ይላል። ከዚያ ቆርቆሮውን ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ አሸታለሁ። ሆምጣጤ ከሸተተኝ ፊልሙ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። ሕመሙ ወደ ሌሎቹ ስለሚጋባ ያን ጊዜ ለብቻው ታሽጎ ወደመጣበት ይመለሳል። ይህን ሁሉ ሳደርግ የእርስዎን እጅ ነው የማስበው፤ ልጅ ሆኜ ማሽን ክፍሉ በር ላይ ቆሜ የማየውን።

አንድ ነገር ግን ዘወትር ያከራክረናል። ኮፒ በተጫወተ ቁጥር ያረጃል። ማሽኑ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ጭረት ይጨመራል። አንዳንዶቹ ፊልሞች ደግሞ የቀራቸው ኮፒ በጣት የሚቆጠር ነው። የእንግሊዝ ፊልም ኢንስቲትዩት ጌይደን በሚባል ቦታ የሠራው ማከማቻ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ቅዝቃዜና 35 በመቶ እርጥበት ጠብቆ ነጋቲቭና ዋና ኮፒዎችን ያኖራል። «እዚያው በቅዝቃዜ ቢቀመጡ አይሻልም ወይ?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ ፊልሙን ስለሚወዱት ነው የሚሉት። እኔ ግን አልስማማም። ዋናው ይተኛ፤ ኮፒው ይውጣ፣ ይታይ፣ ያርጅ። ማንም የማያየው ፊልም ሌላ ኮፒ የሚያሠራለት ሰው አያገኝም። ገንዘብ የሚያወጣው ያየው፣ አይቶም የወደደው ነው።

አናቤል ኒኮልሰን በ1973 ያቀረበችው «ሪል ታይም» ይህን ነገር ጥግ ድረስ ወስዶታል። እሷ ራሷ ስትሰፋ የሚያሳየው ፊልም ከማሽኑ ወጥቶ በስፌት መኪናዋ ሥር ያልፋል፤ ክር ያልገባበት መርፌ ይበሳዋል፤ ተመልሶ ማሽኑ ላይ ይዞራል። ሸራው ላይ ሴትዮዋ በብርሃን ነጠብጣብ እየተሞላች ትሄድና በመጨረሻ ፊልሙ ተበጥሶ ይቆማል። ያን ሥራ ይዤ ልዞር አልችልም፤ በመታየቱ አልቋል። ያዩት ሰዎች ግን እስከ ዛሬ ያወሩታል።

ጉዞዬ የጀመረው ብሪስቶል ነው። «ኪዩብ» የሚባለውን ሲኒማ ቤት የሚያስኬዱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ትኬት ቆራጩም ማሽን አንቀሳቃሹም ያለ ደመወዝ ነው የሚሠራው። ሕንፃው ከእጃቸው እንዳይወጣ ከሰው ገንዘብ አሰባስበው ገዝተውታል። ሊድስ ያለው «ሃይድ ፓርክ ፒክቸር ሃውስ» በ1914 የተከፈተ ነው። የጋዝ መብራቶቹ እስከ ዛሬ ይበራሉ፤ ፊልም ሲታይም ዝቅ ብለው ይቆያሉ እንጂ አይጠፉም። ግላስጎው በ1939 «ኮስሞ» ተብሎ የተከፈተው ቤት ትልቅና የተደራጀ ስለሆነ ሥራው ያለ ሐሳብ አለፈ።

ኒውካስልን ግን አልረሳውም። «ስታር ኤንድ ሻዶው» ይባላል፤ ይህም በበጎ ፈቃደኞች የቆመ ነው። ያሳየነው አንቶኒ ማኮል በ1973 የሠራውን «ላይን ዲስክራይቢንግ ኤ ኮን» ነበር። ወንበሮቹ ተነሥተው ማሽኑ ከሰው መሐል ቆመ። ፊልሙ ላይ ያለው በጥቁር መደብ ላይ ቀስ እያለ ክብ የሚሠራ አንድ ነጭ መስመር ብቻ ነው። ሆኖም ግድግዳውን የሚያይ የለም፤ ሁሉም ፊቱን ወደ ማሽኑ ያዞራል። ክፍሉ ጭስ ስላለው ብርሃኑ አየር ላይ ይታያል። መጀመሪያ ቀጭን መስመር ነው፤ 30 ደቂቃ ሲሞላ ግን ውስጡ ባዶ የሆነ ትልቅ የብርሃን ሾጣጣ ይሆናል። ድሮ የተመልካቹ የሲጋራ ጭስ ይበቃው ነበር፤ ዛሬ የጭስ ማሽን እናመጣለን። ጋሼ፣ በቅዳሴ ሰዓት ዕጣኑ ሲታጠን በመስኮት የሚገባው ፀሐይ በእጅ የሚጨበጥ ይመስል የለ? ልክ እንደዚያ። አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ወደ ብርሃኑ ገባች፤ ሕፃኑ የብርሃኑን ግድግዳ በእጁ ሊገፋ ሞከረ። ከዚያ በኋላ ሰዉ ሁሉ እየተራመደ መግባት ጀመረ። ይህን በስልክ ወይም በቴሌቪዥን ማየት አይቻልም፤ መሄድ ያስፈልጋል፣ ጭሱም ሰዉም ማሽኑም በአንድ ክፍል መገናኘት አለባቸው።

እዚህ ኦርክኒ ያመጣኝ የማርጋሬት ቴይት ፊልም ነው። በ1918 እዚሁ ደሴት ላይ፣ ከርክዎል ከተማ የተወለደች ሐኪም ነበረች። በጦርነቱ ጊዜ በእንግሊዝ ጦር የሕክምና ክፍል ውስጥ አገልግላለች፤ በኋላ ሮም ሄዳ ፊልም ተማረች። ከዚያ አብዛኛውን በራሷ ገንዘብ ከ30 በላይ ፊልም ሠራች። ረጅም ፊልም የመሥራት ዕድል ያገኘችው በ1992፣ ሰባ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። በ1999 ዐረፈች። በሕይወት ሳለች ሥራዋን ያየው ሰው ጥቂት መሆኑ ያንገበግበኛል።

ትናንት ማታ በ1952 የሠራችውን «ፖርትሬት ኦቭ ጋ» አሳየሁ። አራት ደቂቃ ገደማ ነው፤ እናቷን የሚያሳይ። አሮጊቷ ሲጋራ ያጨሳሉ፣ ሜዳው ላይ ይንጎራደዳሉ። አንድ ቦታ ላይ የእጃቸው ምስል ሸራውን ይሞላዋል፤ ከወረቀቱ ጋር የተጣበቀ ከረሜላ በትዕግሥት ሲልጡ። ሌላ ምንም አይሆንም። ከኋላዬ የተቀመጡት ሴቶች ያን ጊዜ ሳቁ፤ ከዚያ አንዲቷ ዓይኗን ጠረገች። ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አውጥተው ድጋሚ እንዲታይ ጠየቁ። ኮፒው ጤነኛ ነበርና አጠንጥኜ ደገምኩላቸው።

የእኛን አገር ሳስብ ኃይሌ ገሪማ ነው የሚመጣብኝ። በ1993 «ሳንኮፋ»ን ጨርሶ አሜሪካ ውስጥ አከፋፋይ ሲያጣ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ከከተማ ከተማ ራሱ አሳየው፤ ሰዉም ተሰልፎ ገባ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ደግሞ በ1974፣ አብዮቱ ሲፈነዳ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ነበር የቀረጸው። ያ ፊልም ጣሊያን ቦሎኛ ታድሶ በ2006 ካን ላይ ታይቷል። እኔ የምመኘው ከማሽን ወጥቶ አዲስ አበባ፣ ደሴና ጎንደር አዳራሽ ውስጥ ሲታይ ማየት ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። በመኪና ገጠር እየዞሩ ፊልም ያሳዩ የነበሩት ጓደኞችዎ በሕይወት ካሉ፣ የ16 ማሽን የት እንዳለ ያውቁ እንደሆነ ይጠይቁልኝ። ቢበላሽም ግድ የለም፤ መብራቱንና ቀበቶውን ከዚህ ፈልጌ አመጣለሁ። የማሽኑን ስምና ዓይነት ጽፈው ይላኩልኝ፤ ቢቻል ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር ጭምር። ነገ በጠዋቱ መርከብ እሻገራለሁ፤ ለንደን ስደርስ እደውላለሁ። እትዬን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ፤ ለልጆቹም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ