ባለ 50 ሚሊሜትሩ ሌንስ

ፎቶግራፍ ማንሣት የባለጸጋ ጨዋታ ነው የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ነገሩ ጨርሶ ሐሰት አይደለም። የእኔ ካሜራ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የደረሰኝ ነው። አብሮት የመጣው ሌንስም ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚሳብ ሆኖ፣ በፀሐይ ደኅና የሚሠራ፣ ሲመሽ ግን የሚያንቀላፋ ዓይነት ነው። ባለፈው ሳምንት ከአንድ ተመራቂ ላይ የብርሃን መግቢያው እስከ 1.8 የሚከፈት ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ገዛሁ። የሳምንቱን ውሎ ለአንባብያን ባካፍል ደስ ይለኛል።

አስቀድሜ ስለ ቁጥሩ ጥቂት ላስረዳ። 1.8 የሚባለው የሌንሱ የትኩረት ርቀት ለቀዳዳው ስፋት ተካፍሎ የሚገኘው ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። አሮጌው ሌንሴ እስከ 55 ሲሳብ ከ5.6 በላይ አይከፈትም። 5.6ን ለ1.8 አካፍሎ ውጤቱን በራሱ ያባዛ ሰው፣ አዲሱ ሌንስ አሥር እጥፍ ሊሞላ የቀረበ ብርሃን እንደሚያስገባ ይረዳል።

ሰኞ ማታ በመኝታ ክፍላችን በአንዲት አምፖል የሚያጠና ጓደኛዬን አነሣሁት። በአሮጌው ሌንስ ቢሆን ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። አሁን ግን ሽፋሽፍቱ እስኪቆጠር ድረስ ጠራ፤ ያውም የአንዱ ዓይን ብቻ! ቀዳዳው ሲሰፋ ጥርት ብሎ የሚታየው ስፍራ እጅግ ይጠባልና፣ ጥቂት ወደ ኋላ የነበረው ሌላው ዓይን ደበዘዘ። ጓደኛዬም «ግማሽ ፊቴን ፈተናው በላው እንዴ?» ብሎ አሣቀን።

ማክሰኞ በትምህርት አለፈ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወደ ስድስት ኪሎ፣ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ለተጨፈጨፉት ወገኖቻችን ወደ ቆመው ሐውልት ወጣሁ። ይህ ሌንስ አይሳብም፤ የሚሳበው እግር ነው። ሐውልቱን በሙሉ ለማግባት ወደ ኋላ ብል ብል ከመኪና መንገድ ዳር ደረስሁ። ስለዚህ ቀረብ ብዬ ከተቀረጹት ሰዎች የአንዱን ፊት ብቻ ወሰድሁ። ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲየ ብሬሶን አብዛኛውን ሥራውን በ50 ሚሊሜትር ሌንስ የሠራ ሰው ነው፤ ከሰው ጋር ለመቀራረብ እግሩን አልሰሰተም ማለት ነው።

መቅረብ ደግሞ ሰላምታን ይጠይቃል። ከሩቅ ስቦ ሰውን ሳያስፈቅዱ ማንሣት ይቻል ይሆናል፤ በሁለት ሜትር ላይ ቆሞ ግን «እንደምን ዋሉ?» ሳይሉ ካሜራ ማንሣት ነውር ነው። ቅዳሜ ሻይና ጮርናቄ የሚሸጡልንን እናት «እትዬ፣ አንድ ፎቶግራፍ ላንሣዎት?» አልኋቸው። ፈቀዱልኝ። ቀዳዳውን እስከ 1.8 ከፍቼ ፊታቸውን ብቻ አጉልቼ አነሣሁና አሳየኋቸው። ፊታቸው አብርቶ፣ ከኋላቸው ያለው ሁሉ እንደ ጉም ሆኗል። በእኛ በፎቶግራፍ ወዳጆች ዘንድ ይህ ጉም የሚመሰገን ነገር ነው።

እትዬ ግን አተኩረው አዩና «እኔስ ነኝ፤ ቤቱ የት ገባ?» አሉኝ።

ለካስ ልጃቸው ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሻይ ቤቱን ያቆሙት እርስዋ በላከችው ገንዘብ ነው። «የኔ ልጅ፣ እኔን ታውቀኛለች፤ ያላየችው ቤቱን ነው» አሉኝ።

ቀዳዳውን ወደ 8 አጠበብሁት። ብርሃኑ ሃያ እጥፍ ያህል ስለሚቀንስ መዝጊያውን ከሰከንድ 1/2000 ወደ 1/100 አወረድሁ። ምድጃው፣ የብርጭቆው መደርደሪያ፣ የቆርቆሮው በር፣ እትዬም ነጠላቸውን አስተካክለው በመካከል፣ ሁሉም ጥርት ብለው ወጡ። በዚያው ማታ በሰጡኝ ቁጥር ላክሁላት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ሥራዋን ስትጨርስ ይመስለኛል፣ መልሷ መጣ። «በሩ አረንጓዴ ነው እንዴ?» ይላል።

ጉሙን አሁንም እወደዋለሁ፤ የጓደኛዬንም ባለ አንድ ዓይን ምስል አሳጥቤ ከአልጋው በላይ ለጥፌለታለሁ። ነገር ግን ካሜራ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የሰው ፎቶግራፍ ስታነሡ ቀዳዳውን ከመክፈታችሁ በፊት ምስሉ ለማን እንደሚሄድ ጠይቁ። ምን መጥራት እንዳለበት የሚያውቀው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ሰው ነው።