የአምባ ጊዮርጊስ መንገድና አንድ የሴት ስም

አንባቢ ሆይ፣ ከጎንደር ከተማ ተነሥተው ወደ ደባርቅ የሚወስደውን መንገድ የያዙ እንደ ሆነ አውቶቡሱ ብዙ ሳይርቅ ሽቅብ መውጣት ይጀምራል። ወለቃን አልፈው ዳገቱን እየዞሩ ሲወጡ አየሩ ይለወጣል፤ በጎንደር ገበያ ተከፍቶ የነበረው የሸሚዝ ቁልፍ እዚህ ይቆለፋል፤ ጋቢ ያለው ጋቢውን ይከናነባል። ቆሶዬ ሲደርሱ ከመንገዱ ዳር ገደሉ ይከፈትና ቆላው ከእግርዎ በታች ተዘርግቶ ይታያል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች በገደሉ አፋፍ ሣር ሲነጩ ያያሉ። ከዚያም ሜዳው ይሰፋል፤ ገብሱ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ይተኛል፤ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ረዳቱ «አምባ ጊዮርጊስ ወራጅ!» ብሎ ይጣራል።

ብዙ መንገደኛ እዚህ አይወርድም። የውጭ አገር ሰው የሚቸኩለው ወደ ስሜን ተራሮች ነው፤ ነጋዴው ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ያልፋል፤ ተማሪው በመስኮት ያይና ይተኛል። እኔ ግን እርስዎን እዚህ ላወርድዎ እወዳለሁ። አምባ ጊዮርጊስ የወገራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከፍታዋ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ ስለዚህም ማለዳ ላይ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ቤቶቿ በቆርቆሮ የተከደኑ፣ ጓሯቸው በባሕር ዛፍ የታጠረ ነው። በገበያ ቀን ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና አተር በአህያ ተጭኖ ከየቀበሌው ይጎርፋል። በጠላት ዘመን ከወልቅፊት እስከ ጎንደር የነበረው የጣልያን ጦር በ1934 ዓ.ም. መጀመሪያ እጁን እስኪሰጥ ድረስ ይህ መንገድ የጦር መንገድ ነበር፤ ዛሬ የሚያልፍበት የእህል ጭነት ነው።

ስለ ከተማዋ ስም ጥቂት ላስታውስዎ። ጊዮርጊስ ማለት በጽርእ ቋንቋ «ገበሬ፣ ምድርን የሚሠራ» ማለት ነው። እንግዲህ ይህች የገብስ አገር በገበሬ ስም መጠራቷ እንደምን ያለ መገጣጠም ነው! «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ያሉት አባቶች እዚህ ቢቆሙ ኖሮ ተረታቸውን ደግመው ይተርቱት ነበር።

እኔ ግን ስለ ስም እንዳስብ ያደረገኝ የከተማዋ ስም አይደለም፤ አንዲት ባልቴት ናቸው።

በአንድ የጥር ማለዳ ከመንገዱ ዳር ካለች ሻይ ቤት ገብቼ እጄን በብርጭቆው አሞቅ ነበር። ከአጠገቤ ነጭ ኩታ የለበሱ ባልቴት ተቀምጠው በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር በጉያቸው ይዘዋል። ወደ ጎንደር የሚሄድ አውቶቡስ ይጠብቃሉ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣

«እማማ፣ ስምዎን ማን ልበል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ባልቴቷ ጥቂት ዝም አሉና፣ «ለመንግሥት ነው ለቤተ ክርስቲያን፣ ልጄ?» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ። እርሳቸው ግን አልሣቁም። ነገሩን እንዲህ ሲሉ አጫወቱኝ። ከብዙ ዓመት በፊት የእርሻ መሬት ተመዝግቦ የይዞታ ደብተር ሲሰጥ፣ ባለቤታቸው ለመዝጋቢው የሰጡት የሚስታቸውን የክርስትና ስም ነበር፤ «ወለተ ጊዮርጊስ» ተብሎ ተጻፈ። መታወቂያቸው ላይ ያለው ግን ጎረቤት የሚጠራቸው የዓለም ስማቸው ነው። ፎቶግራፍ ከደብተሩ ላይ ሳይለጠፍ ቀርቷል። ባልየው በሕይወት ሳሉ ይህን ነገር ያስተዋለው የለም። እርሳቸው ባረፉ በዓመቱ ግን የባል ዘመዶች፣ «በደብተሩ ላይ ያለችው ወለተ ጊዮርጊስ ሌላ ሴት ናት፤ አንቺ በዚህ መሬት ስም የለሽም» ብለው ተነሡባቸው። አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሰው፣ ሦስት ጊዜ «ስሙ አይገጥምም» ተብለው ተመልሰዋል። ያን ቀን ለአራተኛ ጊዜ መሄዳቸው ነበር። የንስሓ አባታቸውና ሁለት ምስክሮች አብረዋቸው ነበሩ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ስሰማ አንድ ነገር ከነከነኝ። ይህ ስም በአንዲት ባልቴት ደብተር ላይ ባለቤት ያጣ መሰለ እንጂ፣ በአገራችን ታሪክ ሁለት ጊዜ ዘውድ የጫነ ስም ነው።

በመጀመሪያ የስሙን ሥርዐት እናስተውል። በቤተ ክርስቲያናችን ሕግ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች። ያን ጊዜ ካህኑ ከቤት ከወጣላት ስም ሌላ የክርስትና ስም ይሰጣታል። «ወለተ» በግእዝ «ልጅ፣ የእገሌ ሴት ልጅ» ማለት ነው፤ ስለዚህ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ሚካኤል፣ ወለተ ጊዮርጊስ ይባላል። ብዙ ጊዜ ስሙ የዕለቱን በዓል ይከተላል፤ የጊዮርጊስም በዓል በየወሩ በ23 ነው። ይህ ስም በገበያና በጓዳ አይጠራም። የሚጠራው በቁርባን፣ በጸሎትና በመጨረሻው በፍትሐት ጊዜ ነው። የሚያውቁትም ባለስሟ ራሷ፣ የክርስትና እናቷና የንስሓ አባቷ፣ ምናልባትም ባሏ ናቸው።

አሁን ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር ይመለሱ፤ ከከተማው በስተ ምዕራብ ወዳለው ወደ ደብረ ፀሓይ ቍስቋም ይውጡ። ይህን ደብርና ከጎኑ የፈረሰውን ግንብ ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። የቋራ ልጅ ነበሩ። «ምን ትዋብ!» ተብለው ለመልካቸው የተሰጣቸው ስም በታሪክ ጸና፤ የዘውድ ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበር። ካህኑ የሰጣቸው የክርስትና ስም ግን ወለተ ጊዮርጊስ ነው። ባላቸው ዐፄ በካፋ ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ስለ ነበረ፣ በ1723 ዓ.ም. እርሳቸውም ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር መንግሥቱን ያዙ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመታት የጎንደር ቤተ መንግሥት ምክር ያለ እርሳቸው አልተፈጸመም። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ያለውን የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያንም ያሠሩ እርሳቸው ናቸው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር በገባ ጊዜ በቍስቋም አግኝቷቸዋል፤ በፈንጣጣ የታመሙ የቤተሰባቸውን ልጆችም አክሟል። ያን ጊዜ ግን እቴጌይቱ ኀዘንተኛ ነበሩ። የልጅ ልጃቸው ዐፄ ኢዮአስ በ1761 ዓ.ም. በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ተገድለው፣ ዘመነ መሳፍንት የሚባለው የመከራ ዘመን ጀምሮ ነበር። እቴጌይቱም በ1765 ዓ.ም. ዐረፉ።

የእኒህ እቴጌ ልጅም ስሟ በወለተ የሚጀምር ነበር፤ ወለተ እስራኤል ትባላለች። ልጇ ኃይሉ ዮሴዴቅ በጎጃም ገዥነት የታወቀው ነው።

ከእነርሱም በፊት ሌላዋ ወለተ ነበረች። ከ1584 እስከ 1635 ዓ.ም. ገደማ የኖረችው ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ፣ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበሉ ጊዜ የጦር አለቃ የነበረውን ባሏን ትታ መነነች። እስከ ዋልድባ ገዳም ሄዳ አስተማረች፤ ተግዛ ተሰደደች፤ ሃይማኖቷን ግን አልለወጠችም። በጣና ዙሪያም ማኅበር መሠረተች። ገድሏ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ በግእዝ ተጽፏል። እነሆ፣ በእርሷ ላይ የክርስትና ስም ተሸሽጎ አልቀረም፤ የዓለሙን ስም አሸንፎ በብራና ላይ ሰፈረ።

ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ሰሜን ካዩ ደግሞ የደጃዝማች ውቤ አገር ስሜን አለ። የደጃዝማች ውቤ የወንድም ልጅ የሆኑት እቴጌ ጣይቱ ብጡል በክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ይባላሉ። እርሳቸው በዓድዋ ጦር ሜዳ ከነሠራዊታቸው የተገኙበት ቀን፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የጊዮርጊስ ዕለት ነበር። የአዲስ አበባው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልም የዚያ ድል መታሰቢያ ነው።

በዚያው በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ሁለተኛዋ ወለተ ጊዮርጊስ ዘውድ ጫኑ። እኒህም እቴጌ መነን አስፋው ናቸው። የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ልጅ፣ በእናታቸም በወይዘሮ ስሂን በኩል የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ነበሩ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው። ያስተውሉ፤ ቀኑ የጊዮርጊስ፣ ካቴድራሉ የጊዮርጊስ፣ ስሙም የጊዮርጊስ! የፊተኛዋ ወለተ ጊዮርጊስ በ1723 ዓ.ም. ዘውድ ጭነው ስለ ነበረ፣ በመካከላቸው በእኛ አቆጣጠር 200 ዓመት አለ። እቴጌ መነን ለሴቶች ልጆች በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ከሁሉ ይልቅ ስማቸውን አስጠርቶታል። ያረፉትም የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው።

ይህ ስም የእኛ ብቻ እንዳይመስልዎ። በሰሜን አውሮፓ ባለችው በኖርዌይ አገር ጊዮርጊስን «ዮርገን» ይሉታል፤ ለሴት ልጅ ሲሆን «ዮርጊኔ» ይባላል። በ1887 እ.ኤ.አ. በኖርዌይ ተራራማ ገጠር በቮጎ የተወለደች አንዲት ዮርጊኔ ወደ አሜሪካ ተሰድዳ፣ የዋልዶርፍ አስቶሪያን ታላቅ ሆቴል ያስተዳድር የነበረውን ሉሲየስ ቡመርን አገባች። ከርሱ ሞት በኋላም ስመ ጥሩው መሐንዲስ ፍራንክ ሎይድ ራይት በፊኒክስ ከተማ ቤት ነድፎላት፣ ቤቱ እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራል። የእርሷና የወገራይቱ ባልቴት ስም ሥሩ አንድ ነው፤ ሁለቱም የገበሬው ልጆች ናቸው። ልዩነቱ ይህ ነው። የኖርዌይዋ ሴት አንድ ስም ብቻ ስለያዘች ባሏ ሲሞት «አንቺ ማን ነሽ?» ያላት አልነበረም። የእኛዋ ግን ሁለት ስም ስላላት ከሁለት አንዷን እንድትክድ ተጠየቀች።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በተለይ እርስዎ በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ የሚቀመጡ፣ ወይም ነገ ትምህርትዎን ጨርሰው የሚቀመጡ ከሆነ፣ ይህ ነገር እርስዎን ይመለከታል። እቴጌ ምንትዋብ ሦስት ስም ነበራቸው፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ሦስቱንም ጽፈው ስለ አቆዩልን አንዲት ሴት መሆናቸው አልጠፋንም። ለገበሬይቱ ግን የታሪክ ጸሐፊ የላትም፤ ያላት ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠው መዝጋቢ ነው። እርሱ «የክርስትና ስምዎስ?» ብሎ አንድ ቃል ቢጠይቅና አንድ መስመር ቢጨምር፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚነሣውን ክርክር ዛሬ ይዘጋዋል። መዝጋቢው ሰነፍ ነው ማለቴ አይደለም። ሰልፉ ረዥም ነው፤ ቅጹ ለአንድ ስም ብቻ ቦታ አለው፤ ባልም ሲናገር ሚስት ዝም ትላለች። ዳሩ ግን እርሻዋን ሊያሳጣት የሚችለው ይኸው ዝምታ ነው።

በማግስቱ ማታ ከጎንደር በሚመለሰው አውቶቡስ ባልቴቷን ደግሜ አገኘኋቸው። ደብተሩ አሁንም በጉያቸው ነበር። አንድ ወጣት ሠራተኛ የንስሓ አባታቸውን ቃልና የምስክሮቹን ፊርማ ተቀብሎ፣ «በክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ የሚባሉት» የሚል መስመር ከዓለም ስማቸው ቀጥሎ ጽፎ ማኅተም መትቶበታል። ወጣቱ ማን እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው፤ ስሙን አላወቁም።

«ስሙን ሳልጠይቀው መጣሁ፤ ብቻ እግዜር ያውቀዋል» አሉ።

ቆሶዬን ስናልፍ መሸ። ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። ባልቴቷ ኩታቸውን ወደ ጆሯቸው ሳቡና ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ «ሁለት ሆኜ ሄጄ አንድ ሆኜ ተመለስሁ» አሉ። ረዳቱ «አምባ ጊዮርጊስ ወራጅ!» ሲል እጃቸውን ይዤ አወረድኋቸው።

እርስዎም በዚያ መንገድ ያለፉ እንደ ሆነ በመስኮት ብቻ አይተው አይለፉ፤ ይውረዱ። ሻይ ይጠጡ፤ ከጎንዎ የተቀመጡትንም ሰው ስማቸውን ይጠይቁ። ከአንድ በላይ ስም ካላቸውም ሁለቱንም ይጻፉ።