ቀለሃ ለቀማ

ትናንት ለሌሊት ሥራ ከመውጣቴ በፊት ጋራዥ ውስጥ ተቀምጬ ሃምሳ ጥይት ሞላሁ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ሚስቴ በሩን ከፈት አድርጋ «አሁንም ምስርህን እየለቀምክ ነው?» ብላ ዘጋችው። አልዋሸችም። መነጽሬን አፍንጫዬ ላይ አውርጄ፣ መብራት ሥር አጎንብሼ ላየኝ ሰው ጠጠር ከምስር የምለይ ነው የምመስለው።

ሽጉጤ ባለ 6.35 ሚሊሜትር ናት፤ እዚህ አሜሪካ .25 ይሏታል። ሽጉጥን ሽጉጥ ያለው ሰው ይህቺን አይቶ መሆን አለበት፤ በእውነት የምትሸጎጥ ናት፤ መዳፌ ውስጥ ገብታ ትጠፋለች። ጥይቷ የመሣሪያ ነዳፊው የጆን ብራውኒንግ ሥራ ነው፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1905 የቤልጅጉ ኤፍኤን ፋብሪካ ከሠራት የኪስ ሽጉጥ ጋር ወጣ። እኔ የገዛኋት የምሠራበት ማደያ ከተዘረፈ በኋላ ነው።

በ2020 ጥይት ከየሱቁ ጠፋ። ፋብሪካዎቹ ለ9 ሚሊሜትሩ እንኳ አልደረሱም፤ የኔዋን ማን ያስታውሳታል? ጡረታ የወጡ ብረት ቀጥቃጭ ጎረቤት አሉኝ፤ በእንግሊዝኛ በስማቸው ብጠራቸውም በሆዴ ጋሼ ነው የምላቸው። ብሶቴን ስነግራቸው «ባዶ ቀለሃህን የት አደረግከው?» አሉኝ። ሣሩ ላይ ቀረ አልኳቸው። እንጀራ ረግጬ የተገኘሁ ያህል ገላመጡኝ።

ባዶ ቀለሃን መልሶ መሙላት ሲነገር ቀላል ነው። የተተኮሰው ቀለሃ ያብጣልና በፕሬስ ተጨምቆ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ ያረጀችው ማቀጣጠያ ወጥታ ከምስር የማትበልጥ አዲስ ትገባለች፤ ባሩድ፣ ከዚያ አረር። ባለ .22 ቢሆን ይህም አይቻልም፤ የሱ ማቀጣጠያ በቀለሃው ጠርዝ ውስጥ ነው ያለው። ለራስህ እስከሆነ ድረስ የፌዴራል ፈቃድ አያስፈልግም፤ ለመሸጥ ግን ግድ ነው።

ጣጣው ባሩዱ ላይ ነው። ክብደቱ በግሬን ይለካል፤ ግሬን ድሮ የአንዲት እህል ፍሬ ክብደት ነበረች፤ 15 ተኩል ያህሉ አንድ ግራም ነው። የኔዋ ጥይት ሁለት ግሬን እንኳ አትጠጣም። ለትልቅ ጠመንጃ የአንድ አሥረኛ ግሬን ስሕተት ከቁም ነገር አይገባም፤ እዚህ ግን ትልቅ ድርሻ ነው። በዚያ ላይ በስሕተት እጥፍ ቢገባ ሞልቶ አይፈስም፤ ቀለሃው ዝም ብሎ ይቀበለዋል። አረሩን ከመግጠሜ በፊት ሃምሳውንም አንድ በአንድ በባትሪ የማየው ለዚህ ነው።

አንድ ቀን አላየሁም። ስልክ ተደወለልኝ፣ አወራሁ፣ ተመልሼ ቀጠልኩ። በማግስቱ ተኩስ ቦታ ቃታ ስስብ «ጠስ» አለች፤ የጭብጨባ ያህል ድምፅ እንኳ አልነበራትም። ባዶውን ቀለሃ አልተፋችም። እኔም ሞኝ ነኝ፣ ጎትቼ ሌላ ላጎርስ ስል አብረውኝ የነበሩት ጋሼ እጄን ያዙት። ያችን ጥይት ባሩድ ሳልሰጣት ነው ያለፍኳት፤ ማቀጣጠያዋ ብቻ አረሩን ገፍቶ አፈሙዙ ውስጥ ሰንቅሮታል። ሌላ ብተኩስበት በርሜሉ እጄ ላይ ይፈነዳ ነበር። ጋሼ አረሩን በእንጨት ዘንግ መትተው አወጡና ኪሴ ከተቱልኝ። እስካሁን የመኪናዬ ቁልፍ ላይ አለ።

ወጪም ይቀንሳል ብዬ ነበር። ባሩዱስ ይበረክታል፤ አንዷ 454 ግራም ቆርቆሮ ከ3500 ጥይት በላይ ትሞላለች። የጉልበቴን ካሰብኩ ግን ከስሬያለሁ። ለጥበቃ የምይዘውም በእጄ የሞላሁትን አይደለም፤ ኪሴ ያለው የፋብሪካ ነው። ታዲያ ለምን ትለፋለህ ለሚለኝ አያቴን ነው የማስታውሰው። ለቅሶ ላይ ምንሽሩን ወደ ሰማይ ሲተኩስ እኛ ልጆች ቀለሃውን ልንሻማ እንሮጥ ነበር፤ አፉ ላይ ስንነፋበት ያፏጫል። አያቴ ግን ማታ ይሰበስብብናል። ዝናሩ ላይ ስንት እንደቀረው በጣቱ ሳይቆጥር አይተኛም ነበር። የውጅግራ ጠመንጃ ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ በዋለበት አገር ያደገ ሰው እንዴት ይበትናል! እኔ ሳጥን ገዝቼ ካዝና ሙሉ ስረጭ የኖርኩት ቆጥሬ ስለማላውቅ ነው። አሁን አንዷን ስተኩስ ስንት ደቂቃ እንደበላችኝ አውቃለሁ፤ ካዝናዬም ቶሎ አያልቅም።

ዛሬ ጠዋት ከሥራ ስወጣ በዚያው ተኩስ ቦታ ገባሁ። የትናንቱን ሃምሳ ተኩሼ ጨረስኩ። ከዚያ በጉልበቴ ተንበርክኬ ሣር ሳበጥር ጎረምሶች ቆመው ይስቁ ነበር። 47 አገኘሁ።